ለጉልበቱ አዋጣን፤ ለቤቱስ?

እናንተዬ፣ እኛ ማዋጣት እናውቅበታለን። የእናታችን ጉልበት አልቋል፣ ሐኪሙ በሰው ሠራሽ ይቀየር ብሏል ሲባል አንዱ ከደመወዙ ይቆርጣል፣ እህት ከዱባይ ትልካለች፣ አክስት ከዋሽንግተን ትጨምራለች። ገንዘቡ ሲሞላ ቀጠሮ ይያዛል። ከዚያ ሁላችንም እጃችንን አጣጥፈን ቀኑን እንጠብቃለን። እኛ የምንለው፣ እነዚያ ሳምንታት የመጠበቂያ ሳይሆኑ የሥራ ሳምንታት ናቸው። ሥራው ደግሞ የልጆች ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1962 ዘመናዊውን የዳሌ ቅየራ ከሠራ ወዲህ ሕክምናው ብዙ ተሻሽሏል። ብረቱና ፕላስቲኩ ግን ብቻቸውን አይራመዱም። የሚያራምደው ጡንቻ ነው። ሕመም ፈርታ ለዓመታት የተቀመጠች እናት ደግሞ የጭኗ ጡንቻ ሰልሏል። ስለዚህ ልምምዱ ከወዲሁ ይጀመር፦ በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን ወደ ፍራሹ መጫን፣ እስከ 5 ቆጥሮ መልቀቅ፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳት። የቱን፣ ስንት ጊዜ የሚለውን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይወስን። ክራንቹንም ቢሆን ሳይታመሙ መልመድ ይሻላል። ደረጃ ላይ ሕጉ አጭር ነው፦ ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ የተሠራው።

ሰውነት ሲባል ጡንቻ ብቻ አይደለም። ስኳር ካለባት ቁጥሩ ይስተካከል፤ ስኳሩ ከፍ ካለ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፣ ለኢንፌክሽንም ይጋለጣል። የተበላሸ ጥርስ፣ የእግር ቁስል፣ ሽንት ሲሸና ማቃጠል፣ ሁሉም ለሐኪሙ ይነገር፤ ጀርሙ በደም ተጉዞ አዲሱ መገጣጠሚያ ላይ ሊሰፍር ይችላል። አስፒሪንም ሆነ ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ፣ ከሰፈር የተገዛው የባህል መድኃኒት ጭምር፣ ይነገር። በራሷ ግን አታቁም። አባት ከሆነ የሚታከመው፣ ሲጋራውን ከወዲሁ ይተው።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ቤቶቻችን የተሠሩት ለደህና ጉልበት ነው። በርጩማው ዝቅ ያለ ነው፣ ሶፋው ይውጣል፣ በሩ ደፍ አለው፣ ምንጣፉ ይንሸራተታል፣ ሽንት ቤቱ ቁጢጥ ያስብላል። ኮንዶሚኒየሙ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። ከቀዶ ጥገና የወጣ ሰው እዚህ ውስጥ ቢወድቅ ያ ሁሉ መዋጮ አብሮ ይወድቃል።

መፍትሔው ከመዋጮው ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው። መደገፊያ ክንድ ያለው፣ ከጉልበቷ ከፍ የሚል ጠንካራ ወንበር። ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት ላይ የሚቀመጥ፣ መሐሉ የተቀደደ ወንበር፤ የሰፈሩ አናጢ ይሠራዋል። ግድግዳው ላይ የሚጨበጥ ብረት። መብራት ሲጠፋ ከአልጋዋ አጠገብ ባትሪ። ምንጣፉ ይጠቅለል፣ ድስቱና ሲኒው በወገብ ከፍታ ይደርደሩ፣ ረከቦቱ ጠረጴዛ ላይ ይውጣ። ፎቅ ላይ የምትኖር ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ምድር ቤት ያለው ዘመድ ያሳርፋት።

«እናታችን እኮ እሺ አትልም» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ «ለእኔ ይሄ ሁሉ ግርግር?» ማለቷ አይቀርም። ጠያቂ በመጣ ቁጥርም ከወንበሯ ተነሥታ ልትቀበል ትሞክራለች። ስለዚህ ከጎረቤት ጋር መነጋገርም የዝግጅቱ አካል ነው፦ ጠያቂው ሰዓት ይኑረው፣ እሷም አትነሣ።

ዋናው ነገራችን ይህ ነው። ቤት ያለችው አንዲት እህት ወይም የቤት ሠራተኛዋ ሁሉን ትሸከማለች፣ ሌሎቻችን ብር ልከን «ተወጥተናል» እንላለን። አልተወጣንም። የጉልበት ቅየራ ሙሉ ማገገሚያው ወራት ይወስዳል። መዋጮው የተጻፈበት ወረቀት ላይ ከብሩ ጎን ቀንም ይጻፍ፦ ማክሰኞ ማን ያሳድራል፣ ለፊዚዮቴራፒ ማን ይወስዳል፣ አናጢውን ማን ያመጣል። ስሙ ከብሩ ጎን ብቻ የተጻፈ ልጅ ገና ግማሹን ነው ያዋጣው።