ጀማሪ ነጂ ከማን ጋር ይሽቀዳደም?

የአውቶሞቢል እሽቅድምድም ከሚወዱ ጓደኞቻችን መካከል አንዳንዶቹ፣ ጀማሪ ነጂ ከእኩዮቹ ጋር ብቻ ሊወዳደር ይገባዋል ይላሉ። ገና መሪ የጨበጠውን ልጅ ከአንበሶች ጋር ቢያሰልፉት ተስፋ ይቈርጣል ነው ምክንያታቸው። አሳቡ ከርኅራኄ የመነጨ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ርኅራኄው ልጁን ይጐዳዋል ባይ ነኝ።

ጐረቤታችንን ኬንያን እንመልከት። በ1953 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ፣ የአገሩን ነጂና በፋብሪካ ገንዘብ ከአውሮፓ የመጣውን ስመ ጥር ነጂ በአንድ ጭቃ ውስጥ ያሰልፍ ነበር። በ1963 እና በ1968 ከ80 በላይ አውቶሞቢሎች ተነሥተው መጨረሻው የደረሱት 7 ብቻ ነበሩ። ሁለቱንም ጊዜ በፔጆ 404 ያሸነፈው የዚያው አገር ነዋሪ ኒክ ኖዊኪ ነው። ጆጊንደር ሲንግም በ1965 ያሸነፈው ባገለገለ ቮልቮ ነበር። ከባሕር ማዶ የመጣ ነጂ ድሉን ይዞ ለመሄድ እስከ 1972፣ እስከ ፊንላንዳዊው ሐኑ ሚኮላ ድረስ መጠበቅ አስፈልጎታል። መንገዱን ማወቃቸው ብቻ ነው የረዳቸው የሚል ቢኖር፣ ውድድሩ በ1973 በዓለም ሻምፒዮና ውስጥ ከገባና የውጭው ኀይል ከበረታ በኋላ ሸካር መህታ 5 ጊዜ፣ ጆጊንደር ደግሞ ሁለት ጊዜ ማሸነፋቸውን ያስታውስ።

ብርቱ ተወዳዳሪ የሚያስተምረው በምንድን ነው? በራሊ ላይ ነጂ ተቀናቃኙን አያየውም፤ የሚያየው የሰዓቱን ወረቀት ነው። በአስፋልቱ 1 ደቂቃ፣ በኩርባው አቀበት 8 ደቂቃ ተበልጦ እንደሆነ ድክመቱ የት እንዳለ ያውቃል። ከእኩዮቹ ጋር ብቻ የሮጠ ግን ሁሉም በዚያው አቀበት ላይ ስለሚዘገዩ፣ ኩርባው ውስጥ ገብቶ ፍሬን መርገጡን እንደ ትክክለኛ አነዳድ ቈጥሮት ዋንጫ ይሸለምበታል። እንዲህ ያለውን ልማድ ከሦስት ዋንጫ በኋላ ማን ያስተወዋል?

እርግጥ ነው፣ ነገሩ ልክ አለው። ምልክትና ደንብ ያላወቀ ልጅ የሌላውን ሕይወት ጭምር ለአደጋ ያጋልጣልና በመጀመሪያ ይፈተን። ደግሞም በደካማ ሞተር ከኀይለኛ ሞተር ጋር ቢያሽቀዳድሙት፣ የተበለጠው በእጁ ይሁን በመኪናው መለየት ስለማይችል ከሽንፈቱ የሚማረው የለም። ስለዚህ መኪናውን ከአቻው መኪና፣ ነጂውን ግን ከበላዩ ጋር ማሰለፍ ይሻላል።

ተስፋ መቍረጡን በተመለከተ፣ ለጀማሪዎች የተለየ ሽልማት ይኑር፤ መንገዱና ቀኑ ግን አንድ ይሁን። ከውድድሩ በኋላም የአሸናፊዎችን ስም ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ነጂ ሰዓት በየምዕራፉ ለይተው ግድግዳ ላይ ይለጥፉለት።