ከሠራተኛው ማዕድ የተከፈለ ዕዳ

አንድ አገር በዕዳ ተወጥራ በምትያዝበት ጊዜ ሰፊውን ሕዝብ መሥዋዕትነት መጠየቅ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ወንጀሉ የሚጀምረው ወሳኞቹ ራሳቸውን ከመሥዋዕትነቱ ውጭ አስቀምጠው የከፋዩን ድምፅ ሲያፍኑ ነው። በሶሻሊዝም ስም ሩማኒያን የገዙት ኒኮላይ ቻውሸስኩና ባለቤቱ ኤሌና የሄዱበት መንገድ ይህንኑ ያስረዳል።

ቻውሸስኩ የፓርቲውን መሪነት የጨበጠው እ.ኤ.አ. በ1965 ነበር። በ1970ዎቹ ከምዕራባውያን በገፍ የተበደረውን ገንዘብ በከባድ ኢንዱስትሪና በነዳጅ ማጣሪያዎች ላይ አፈሰሰው። ማጣሪያዎቹ ግን የውጭ ድፍድፍ ዘይት ጠባቂዎች ነበሩ፤ ከ1979 የኢራን አብዮት በኋላ የዘይት ዋጋ ሲንር፣ የብድር ወለድም ሲያሻቅብ ሒሳቡ ተናጋ። በ1980ዎቹ መባቻ ዕዳው ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ባልየው እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ለመክፈል ቈረጠ፤ ሚስትየዋም ከ1980 ጀምሮ አንደኛ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ነበረች። (በኬሚስትሪ ሊቅነት መወደሷ ራሱን የቻለ ርእስ ነው።)

የአከፋፈሉ ስልት፣ የሚበላውን ወደ ውጭ መላክ፣ ከውጭ የሚገባውን መቍረጥ ነበር። ዳቦ፣ ዘይትና ስኳር በራሽን ሆኑ። በቀበሌ ሱቅ ደጃፍ ተሰልፎ ለሚያውቅ አንባቢ የሰልፉን ነገር ማብራራት አያሻም፤ የሩማኒያው ሠራተኛ ግን ከሰልፉ በኋላ የሚገባው በክረምት ብርድ ማሞቂያው ወደ ተቀነሰበት ቤት ነበር። ቴሌቪዥኑ በቀን 2 ሰዓት ያህል ይከፈታል፤ በዚያችም ጊዜ የግለሰብ አምልኮ ይሰበካል። በ1982 መንግሥት ስለ ሳይንሳዊ አመጋገብ ፕሮግራም አወጣ፤ ረኃቡ የጤና ምክር ሆኖ ቀረበ ማለት ነው። በቡካሬስት ደግሞ የቆዩ ሠፈሮች ፈርሰው፣ ከ1984 ጀምሮ ግዙፍ ቤተ መንግሥት ይገነባ ነበር። ስሙን «የሕዝብ ቤት» አሉት።

ኖቬምበር 15 ቀን 1987 የአካባቢ ምርጫ ዕለት ነበር። በብራሾቭ ከተማ የከባድ መኪና ፋብሪካ ሠራተኞች ደመወዛቸው በመቈረጡ ሥራ አቁመው ወደ መሐል ከተማ ወጡ። የፓርቲውን ጽሕፈት ቤት ሰብረው ሲገቡ በየሱቁ ያጡትን ምግብ በዚያ አገኙት። ምላሹ እስራት፣ ድብደባና ከከተማይቱ መጋዝ ሆነ። ሠራተኛው ማኅበር አልነበረውምን? ነበረው፤ ማኅበሩ ግን የመንግሥትን ቃል ወደ ታች ማውረጃ እንጂ የሠራተኛውን አቤቱታ ወደ ላይ ማድረሻ አልነበረም።

በኤፕሪል 1989 ዕዳው ተከፍሎ ማለቁ ታወጀ። ሐቁን መካድ አይገባም፤ ይህን ያህል ዕዳ በዚህ ፍጥነት የከፈሉ አገሮች ጥቂት ናቸው። ራሽኑ ግን አልተነሣም፤ ምግቡም መላኩን አላቋረጠም። ሠራተኛው 8 ዓመት ያህል ታገሥ የተባለበት ምክንያት አልቆ ትእዛዙ ብቻ ቀረ። በዲሴምበር ተቃውሞው ከቲሚሽዋራ ተነሥቶ ቡካሬስት ደረሰ። ቻውሸስኩ በ21ኛው ቀን ከሰገነት ላይ ያደርግ የነበረው ንግግር በጩኸት ሲቋረጥ፣ ዝቅተኛው ደመወዝ በ200 ሌይ እንደሚጨመር ቃል ገባ። የሚሰማው አላገኘም። ባልና ሚስቱ በማግስቱ በሄሊኮፕተር ሸሹ፤ በ25ኛው ቀን፣ ፍትሕ ለመባል እጅግ ከተጣደፈ ችሎት በኋላ ተረሸኑ። አዲሶቹ ባለሥልጣኖች ከወሰዷቸው የመጀመሪያ እርምጃዎች አንዱ ምግብ ወደ ውጭ እንዳይላክ ማገድ ነበር።