ለአንዲት ቁልፍ የተሰጠ ሥልጣን

አንድ ታብሌት አልበራ ብሎ ወይም እየበራ እየጠፋ ባለቤቱን አስቸግሮ ወደ ጥገና ሱቅ በደረሰ ጊዜ፣ ሱቁ መርካቶም ይሁን ቦሌ፣ በብዙው ጠረጴዛ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ምርመራውን ቀድሞ የሚወጣ ነው፤ ይኸውም «ሶፍትዌሩ ነው፣ ፍላሽ ይደረጋል» የሚለው ነው። በዚህ ፍርድ መሠረት የልጆቹ ፎቶግራፍ፣ የተማሪው ማስታወሻ፣ ከሟች አባት የቀረው የድምፅ መልእክት ሳይቀር ተጠርጎ ይጠፋና መሣሪያው እንደ አዲስ ሆኖ ይመለሳል፤ ሳምንት ሳይሞላም ያው ደዌ ያገረሽበትና ሁለተኛው ፍርድ ይከተላል፤ «ቦርዱ ሞቷል»። ጥፋቱ ከማብሪያ ማጥፊያዋ ቁልፍ የሆነበት ጊዜ ግን ጥቂት አይደለምና፣ በሕይወት ያለ መሣሪያ ሞተ ተብሎ በመሳቢያ ውስጥ ተጥሎ ይቀራል። የዚህን በደል ግማሹን መርምረው በማይፈርዱት ጠጋኞች ላይ፣ ግማሹንና የከበደውን ደግሞ ይህችን ቁልፍ ያለ ምትክ ባሰናዷት አምራቾች ላይ እጥላለሁ።

የቀድሞው ራዲዮ ማብሪያ ሲጠመዘዝ ኤሌክትሪኩን በእውነት የሚያገናኝና የሚቆርጥ ነበር። የዛሬው ታብሌት ባትሪ በውስጡ ተዘግቶበት ስለ ተቀመጠ ባለቤቱ ነቅሎ ሊመልሰው አይችልም፤ ቁልፏም ራሷ ኃይል አትቆርጥም፤ ሥራዋ ኃይሉን ለሚያስተዳድረው ቺፕ ምልክት መስጠት ብቻ ነው። ቺፑም ምልክቱን በርዝመቱ ይተረጉመዋል፤ ለአፍታ ሲጫኗት ስክሪኑን ያበራል ወይም ያጠፋል፣ ጥቂት ሰኮንድ ሲቆዩባት የተዘጋውን መሣሪያ ያስነሣል፣ ዐሥር ሰኮንድ ግድም ሲሞላ ደግሞ መሣሪያው ደርቆ ቀርቷል በሚል ግምት በግድ አጥፍቶ እንደገና ያስነሣዋል። ከዚህም የተነሣ የቁልፏ ሕመም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዲዳ ሆና፣ ቢጫኗትም ምልክት አለማስተላለፏ ነው። ሁለተኛውና ይበልጥ አሳሳቹ ተጭና መቅረቷ ነው፤ ቺፑ አንድ ሰው ጣቱን ሳያነሣ የሚጫናት ይመስለውና መሣሪያውን ያስነሣዋል፣ የአምራቹ ዓርማ ብቅ ይላል፣ ጊዜው ሲሞላ ይቆርጠዋል፣ ደግሞ ያስነሣዋል፤ ይህም ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ሲመላለስ ያድራል። ባለቤቱም ጠጋኙም የሚያዩት የዓርማውን መመላለስ ብቻ ስለ ሆነ፣ ሶፍትዌሩ ተበላሸ ብለው ይደመድማሉ።

መሣሪያውን ከፍቶ ያየ ሰው፣ ይህን የሚያህል ሥልጣን በምን ላይ እንደ ተጣለ ሲመለከት ይደነቃል። ከውጭ የሚታየው ሽፋን ብቻ ነው፤ ከሥሩ ወርዷ ጥቂት ሚሊሜትር የሆነ፣ ጎበጥ ያለች ስስ የብረት ቆብ አለች፤ ሲጫኗት «ቀጭ» ብላ ትሰረጉድና ሁለት ነጥቦችን ታገናኛለች፣ ሲለቋት ተመልሳ ትጎብጣለች። ምልክቱም ፍሌክስ በሚባለው ስስ ገመድ አልፎ ወደ ቦርዱ ይደርሳል። ሠሪዎቿ በዐሥር ሺዎችና በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ መጫንን እንድትችል አድርገው ይመዝኗታል፤ ዳሩ ግን ይህ ልክ በሙከራ ክፍል የተለካ ነው እንጂ የእጅ ላብ፣ የመንገድ አቧራ፣ የሕፃን ምራቅ፣ ይልቁንም በጎን በኩል ወድቆ መመታት የታሰበበት አይደለም። ነገሩ የርካሽ ዕቃ ጣጣ ብቻ እንዳይመስል፣ አፕል ራሱ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ዓ.ም.፣ እስከ ማርች 2013 ከተሠሩት አይፎን 5 ስልኮች መካከል የጥቂቶቹ ማብሪያ ሥራ ሊያቆም ወይም ሊያቆራርጥ እንደሚችል አምኖ በነጻ እለውጣለሁ ሲል አውጇል።

ስለዚህ ምርመራ ከፍላሽ ይቀድም ዘንድ ይገባል። ፈጽሞ ባዶ የሆነ ባትሪ ቻርጀር ከተሰካበት በኋላ እንኳ ለብዙ ደቂቃ ምንም ላያሳይ ስለሚችል፣ አስቀድሞ በታመነ ቻርጀርና ገመድ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። ከዚያ በኋላ የባትሪው ሥዕል በስክሪኑ ላይ ከታየና ቁልፏን ሲጫኗት ምንም የማይከተል ከሆነ፣ ጥርጣሬው ወደ እርሷ ያዘነብላል። ዓርማው የሚመላለስ እንደ ሆነ ደግሞ የጎማ ወይም የቆዳ መያዣው ይውለቅ፤ ጠባብ መያዣ ራሱ ቁልፏን ተጭኖ የሚይዝበት ጊዜ አለና። ከዚህ ወዲያ ያለው የባለሙያ ሥራ ነው፤ ጀርባውን ከፍቶ የቁልፏን ፍሌክስ ከቦርዱ ላይ ይነቅላል፤ መመላለሱ ከቆመ ጥፋተኛዋ ታወቀች። ዲዳ ለሆነችውም ሁለቱን ነጥቦች በወረንጦ ጫፍ ለአፍታ ያገናኛል፤ መሣሪያው ከተነሣ ቦርዱ ከክሱ ነጻ ወጣ። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንዲት ፎቶግራፍ እንኳ አትጠፋም።

ቁልፏ ነጻ ወጥታ፣ መሣሪያው ግን በዓርማው ላይ ደርቆ ከቀረ ሶፍትዌሩን ወይም ያረጀውን ማኅደረ ትውስታ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ሁሉን የሚያጠፋው ሪሴት ግን የመጨረሻው መድኃኒት ይሁን። እዚህ ላይ የሚያሥቅም የሚያሳዝንም ነገር አለ። በብዙ አንድሮይድ ታብሌቶች ለመከራ ጊዜ የተሰናዳው፣ ሪከቨሪ የሚባለው ገጽ የሚከፈተው ማብሪያዋንና አንዱን የድምፅ ቁልፍ አብሮ በመጫን ነው፤ ከተከፈተም በኋላ በድምፅ ቁልፎቹ ከመስመር ወደ መስመር ቢወጡ ቢወርዱ፣ ምርጫውን የምታጸድቀው ያችው ማብሪያ ናት። ማብሪያዋ ዲዳ የሆነችበት ሰው መዳኛውን ቃል በዓይኑ እያነበበ ሊመርጠው አይችልም።

በአገራችን የተደረገ አንድ ሙከራ ለዚህ ነገር ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ2012 «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ በኩል ባሉ ሁለት መንደሮች፣ ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች ሞቶሮላ ዙም የተባሉ ታብሌቶችን ከነካርቶናቸው እንደ ታሸጉ፣ ያለ አስተማሪ ትቶላቸው ነበር፤ መሙያቸውም የፀሐይ ኃይል ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገሩት፣ አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ፣ ማብሪያዋን አግኝቶ መሣሪያውን ለማብራት አራት ደቂቃ ያህል በቃው። የዙም ማብሪያ ደግሞ እንደ ሌሎቹ በጎኑ ላይ ሳይሆን በጀርባው፣ በካሜራው አጠገብ ያለች ናት። ብዙ ሰው ይህን የልጁን ብልሃት ለማድነቅ ያነሣዋል፣ መልካም ያደርጋል፤ እኔ ግን ያ ሁሉ የብልሃት ተስፋ በአንዲት ስስ ቆብ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ነበረ አስባለሁ። ቆቧ ዲዳ ብትሆን ኖሮ የመንደሩ እጅግ ብሩህ ሕፃን ምን ባደረገ ነበር?

መፍትሔው ያልታወቀ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ዐፃዌ ኆኅት ታመመ ተብሎ ቤተ መቅደሱ ተዘግቶ አይውልም፤ ሌላ ይከፍተዋል። አይፓድም እንዲሁ፣ የተዘጋው ቻርጀር ሲሰካበት ራሱ ይነሣል፤ በስክሪኑ ላይ በሚታየው አሲስቲቭ ተች በሚባለው ምልክትም ያለ ቁልፍ ይቆለፋል፣ ዳግመኛም ይነሣል፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ ማግኔት ያለው ሽፋኑ ሲገለጥ ስክሪኑ ይበራል። ብዙው አንድሮይድ ታብሌት ግን ቻርጀር ሲሰኩበት የባትሪ ሥዕል አሳይቶ ዝም ይላል። ይህን ለመለወጥ አምራቹ አዲስ ብረት አያስፈልገውም፤ የሶፍትዌር ትእዛዝ ይበቃዋልና፣ አለማድረጉን ከንፉግነት በቀር በሌላ ልተረጉመው አልችልም። እስከዚያው ቁልፏ መወላወል የጀመረችበት ሰው መሣሪያውን ጨርሶ አያጥፋ፤ በተቀጠረ ሰዓት ራሱ የሚነሣበት ቅንብር ካለውም ዛሬውኑ ይክፈትለት።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ፣ ታብሌት አምራቾች ሽያጩ ከቆመ በኋላ ለ7 ዓመት መለዋወጫ ለጠጋኞች እንዲያቀርቡ ታዘዋል፤ ከተዘረዘሩትም ክፍሎች መካከል ቁልፍ ይገኛል። በእኛ ዘንድ መሣሪያው ብዙ ጊዜ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን በዘመድ ሻንጣ የሚመጣ ነውና የዚያን ዓይነት ፍሌክስ ፈልጎ ማግኘት ዕድል ነው፤ ጠጋኙ ከሌላ ሙት ታብሌት ላይ ነቅሎ፣ በማጉያ መነጽር እያየ በመበየጃ ያስተካክለዋል። ይህን የሚችሉ ብልሃተኞች ከፍላሽ አድራጊዎቹ የበለጠ ክፍያ ይገባቸዋል።

ደንብ የሌለን ብንሆንም ብዙ የሚገዛ ሰው ቃሉ ይሰማል። ለ4ኛው የሕዝብና የቤት ቆጠራ ታብሌቶች ተገዝተው እንደ ነበር፣ ቆጠራውም በ2011 ዓ.ም. ዳግመኛ እንደ ተራዘመ ይታወሳል፤ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶችም ዛሬ በብዛት ይገዛሉ። እንዲህ ያለው ገዢ ስለ ስክሪኑ ስፋትና ስለ ካሜራው ጥራት ከመጠየቁ በፊት፣ መሣሪያው ማብሪያዋ ሳትነካ ቻርጀር ሲሰካበት ይነሣ እንደ ሆነ በፊቱ ያስሞክር፤ ከመቶው ታብሌት ጋር ስንት የቁልፍ ፍሌክስ እንደሚመጣም በጨረታው ሰነድ ላይ ያስጽፍ፤ ሻጩ ይህን ለመጻፍ የሚያመነታ ከሆነ ወደ ተከታዩ ሻጭ ይለፍ።