ጀልባው ታየ፤ የሠራው እጅስ?

ዶሃ የምትሠራ አንዲት ጓደኛችን የዕረፍት ቀኗን ካታራ የባሕር ዳርቻ አሳልፋ ፎቶዎች ላከችልን። እዚያ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የባህላዊ የእንጨት ጀልባዎች ፌስቲቫል ይካሄዳል። ኳታሮች፣ ኦማኖች፣ ኩዌቶች፣ ሕንዶች፣ ከዛንዚባር የመጡም ሳይቀሩ ጀልባዎቻቸውን ያሳያሉ። ከፎቶዎቹ ሥር አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «እዚህ ሰው እኮ የአናጢ እጅ ለማየት ይጋፋል!»

እኛም ቆጨንና ስለ ጀልባ አሠራር ማንበብ ጀመርን። ከቆጨን ነገር እስክንደርስ ግን እስቲ ያነበብነውን አብረን እንየው።

እኛ «ዕቅድ» ሲባል ወረቀት ይታየናል። በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ግን የጀልባው ንድፍ በዋናው አናጢ ጭንቅላት ውስጥ ነው የሚኖረው። በደቡብ ሕንድ ቤይፖር በምትባል ቦታ ትልልቅ የእንጨት መርከቦች ያለ ወረቀት ንድፍ ሲሠሩ ኖረዋል። ከገዢዎቻቸው መካከልም የባሕረ ሰላጤው አገሮች ባለጸጎች አሉ።

የጥንቱ አሠራር ደግሞ ይብሳል። ሳንቃዎቹ ጠርዝ ለጠርዝ ይገጠማሉ፤ ዳር ዳራቸውን ይበሳሉ፤ ከዚያ ከኮኮናት ቃጫ በተገመደ ገመድ ይሰፋሉ። አዎ፣ እንደ ልብስ ይሰፋሉ! ጎድን የሚሆኑት እንጨቶች የሚገቡት ቅርፁ ከወጣ በኋላ ነው። ምስማር የሚባል ነገር የለም። ኢብን ጁበይር የተባለው የአንዳሉስ ተጓዥ በ1183 እ.ኤ.አ. በቀይ ባሕር ዳር ባለችው አይዛብ ወደብ እነዚህን ጀልባዎች አይቶ ጽፏል። በቅቤ፣ በጉሎ ዘይት ወይም በሻርክ ዘይት ይቀባሉ፣ የሻርኩ ይበልጣል ይላል። የጠራቸው በምን ስም መሰላችሁ? «ጀልባ» ብሎ ነው። ይቺ በየቀኑ የምንናገራት ቃል የቀይ ባሕር ቃል ናት።

አሁን ወደ ክርክራችን እንምጣ። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የሮማው ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ ስለነዚህ የተሰፉ ጀልባዎች ጽፎ ነበር። ሕንዶችና ኢትዮጵያውያን የሚሰፉት ብረት ስለሌላቸው ነው፣ ከሮማውያን እንዳይገዙም ሕግ ይከለክላቸዋል አለ። «የላቸውም፤ ስለዚህ ይሰፋሉ» ማለቱ ነው። ግን አክሱም ላይ በቁፋሮ የብረት መሣሪያ ወጥቷል። ስፌትም የራሱ ጥበብ አለው። የተሰፋ ጀልባ ከአሸዋና ከሞገድ ጋር ሲላተም ትንሽ ይለመጣል እንጂ ቶሎ አይሰነጠቅም። አንዱ ሳንቃ ሲበላሽ ገመዱ ይፈታና ተቀይሮ እንደገና ይሰፋል። በ1998 እ.ኤ.አ. በኢንዶኔዥያ ቤሊቱንግ ደሴት አጠገብ የተገኘው የዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መርከብ የተሰፋ ነበር። 60,000 ያህል የቻይና ዕቃ ጭኖ ነው የሰጠመው። ኦማኖች ይህንኑ አሠራር ተከትለው «የሙስካት ዕንቁ» የተባለች መርከብ ሠሩና በ2010 እ.ኤ.አ. ከሙስካት እስከ ሲንጋፖር በሸራ ነዷት። ታዲያ ይሄ የድሃ ሥራ ነው?

የፕሮኮፒየስ ዓይን ግን እኛም ዘንድ አለ። ጣና ላይ ታንኳ ስናይ ምን እንላለን? «ምስኪን፣ ሞተር ጀልባ መግዣ አጥቶ ነው»። ታንኳ ከእንጨት አይሠራም፤ ከደንገል ነው የሚታሰረው። ውሃ ስለሚጠጣ ከሥራ በኋላ ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ ዕድሜውም የጥቂት ወራት ነው። ስለዚህ ጥበቡ የሚኖረው በጀልባው ሳይሆን በሠሪው እጅ ነው። እጁ ከጠፋ ሙዚየም ውስጥ የሚቀመጥ እንኳ አይተርፍም። ይህን እጅ ለዘመናት ያቆየው የወይጦ ማኅበረሰብ ደግሞ ከእኛ ምን አተረፈ? ንቀት። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን በሰደብንበት አፍ እሱንም ሰደብነው።

በ1969 እ.ኤ.አ. የኖርዌዩ ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን በደንገል ጀልባ ለመሻገር ሲነሳ ደንገሉ የተወሰደው ከጣና ነበር። ሠሪዎቹ ግን ከቻድ ሐይቅ መጡ። ሣሩ የእኛ፣ ስሙ የሌላ።

እኛስ ጋዜጠኝነት ተማርን የምንለው? ተማሪ ሳለን ባሕር ዳር ሄደን ነበር። አንድ አባት ዳር ላይ ቁጭ ብለው ታንኳ ሲያስሩ አገኘናቸውና ተራ በተራ አጠገባቸው ቆመን ፎቶ ተነሣን። ለአምስት ዓመተ ምሕረት «ማን? ምን? መቼ? የት?» ስንል የኖርን ልጆች፣ ስማቸውን የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ፎቶው ዛሬም አለ። ከሥሩ የሚጻፍ ስም የለንም።

የቆጨን ይሄ ነው። የካታራ ዓይነት ገንዘብ የለንም፣ አንዋሽ። ግን የታንኳ ቀን ለማድረግ ገንዘብ ብቻ አይደለም የጎደለን። ባሕር ዳር ወይም ጎርጎራ ላይ በዓመት አንድ ቀን ሠሪዎቹ ዳር ላይ ተቀምጠው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እሰሩ ይባሉ። ለሥራቸው ይከፈላቸው፣ ስማቸው በድምፅ ማጉያ ይጠራ፣ ልጆቻቸው ሲያስተምሩ ይታዩ። ደንገሉ የሚበቅልበት ዳርም ለእርሻ እየተመነጠረ እንዳያልቅ ይከለል። ጣና ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ ወረቀቱ አለን ማለት ነው።

ከዚህ ይልቅ ታንኳዋን ቀለም ቀብተን ሆቴል በር ላይ ብንሰቅላት ግን እንደ እኛ ፎቶ ትሆናለች። ጀልባው ይታያል፤ ሰውየው አይታይም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በቅርብ ጊዜ ወደ ጣና የምትሄዱ ካላችሁ አደራ፣ ካሜራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ስም ጠይቁ። እኛም ያኔ ያልጠየቅነውን ልንጠይቅ ተመልሰን እንሄዳለን።

ቸር እንሰንብት!