ከመንገዱ ምረቃ በኋላ የሚቀረው ሥራ

መንገድ ሲሠራ ረግረጋማ መሬት ከተጎዳ፣ ሠሪው መሬቱን እንዲያድስ ወይም በምትኩ ሌላ እንዲያለማ የሚያስገድዱ አገሮች በርካታ ናቸው። ይሁንና ውሃው ተመልሶ፣ ችግኙ ተተክሎ የምረቃው ሪባን ሲቆረጥ ሥራው እንዳበቃ መቁጠር የተለመደ ስሕተት ነው።

መለምለም ብቻውን የማገገም ማስረጃ አይሆንም። በተገላበጠ አፈር ላይ ፈጥኖ የሚበቅለው ብዙውን ጊዜ መጤ አረም ሲሆን፣ ከሩቅ ቢያምርም ነባሩን ቄጠማ አንቆ ያስቀራል። የመንገዱ የአፈር ሙሌት የውሃውን መውረጃ ከዘጋ ደግሞ ዕፅዋቱ በአንዱ ወገን በውሃ ይታፈናሉ፣ በሌላው ይደርቃሉ። ይህን የሚገልጠው በየዓመቱ በተመሳሳይ ወቅትና ቦታ የዕፅዋቱን ዝርያና ሽፋን እየለኩ መመዝገብ ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ደንብ ክትትሉ ከ5 ዓመት እንዳያንስ፣ ዛፍ ለሚበቅልበት ረግረግ ደግሞ ከዚያም እንዲረዝም ያዛል። የረግረጋማ መሬቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢራኗ ራምሳር ከተማ የተፈረመበት ይህ ቀጠናም ከዚህ ያነሰ ሊጠይቅ አይገባም።

ስለዚህ የክትትሉ ወጪ ከመንገዱ ውል ጋር አብሮ ይመደብ። ተቋራጩም ከኃላፊነት የሚወጣው ነባሩ ቄጠማ ተመልሶ መጽናቱን መዝገቡ ሲመሰክር ይሁን፤ ውሃና መሬት ለመጪው ትውልድ የሚተላለፉ አደራ ናቸውና።