መጠጥ በቃኝ ያለ ሰው ወዴት ይሂድ?



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ውሃ፣ ስለ ዕድር መዋጮና ስለ መንገድ ጥገና ብዙ ተጽፏል። ስለ አረቄ ግን ዝም ብለናል፤ ችግሩ ጠፍቶ ሳይሆን አሳፍሮን ነው። ገብሱ ከጎተራ፣ በጉ ከበረት እየወጣ በመለኪያ ሲያልቅ ያየ ቤተሰብ በመሐል ሜዳም፣ በሞላሌም፣ በግሼ ራቤልም አይታጣም። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለዚህ ነው።

መጠጥ ክፉ ነው ብለን ለመስበክ አልተነሣንም፤ ይህንንማ ጠጪው ከኛ ይልቅ ያውቀዋል። ጥያቄያችን፣ አንድ ማለዳ ተነሥቶ «ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ» ያለ ሰው ወዴት ይሂድ? የሚል ነው።

መጀመሪያ ወደ ሐኪም። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው ባንድ ጊዜ ሲያቆም በጥቂት ሰዓት ውስጥ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊመጣበት ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ የሚቃዥና የሌለ ነገር የሚያይ አለ። ይህ የሰውነት ሕመም ነው፤ ካልታከመም ይገድላል። መድኃኒት ግን አለው። ስለዚህ ከማቆሙ በፊት ጤና ጣቢያ ወይም መሐል ሜዳ ሆስፒታል ቀርቦ «ይህን ያህል እጠጣ ነበር» ብሎ በግልጽ ይናገር። የመርሐቤቴ ሰው ዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል አለለት። ከዚያ ያለፈው ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከባሰም አዲስ አበባ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ይላካል። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል የሚሄድም ይሂድ፤ የታዘዘለትን መድኃኒት ግን አይተው።

ሐኪሙ መጠጡን ከሰውነት ያስወጣል። ከዚያ በኋላ ሰውየው የሚመለሰው ወደዚያው ገበያ፣ ወደዚያው ክርስትናና ተዝካር ነው። እዚያም «በሞቴ፣ ኧረ አንዴ ብቻ!» የሚለው ወዳጅ ይጠብቀዋል። እንግዲህ የመደጋገፊያ ስብሰባ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ፣ አክረን በምትባል ከተማ፣ መጠጥ ያሸነፋቸው አንድ የአክሲዮን ደላላና አንድ የቀዶ ጥገና ሐኪም ተገናኝተው እርስ በርስ መደጋገፍ ጀመሩ። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው ማኅበር ከዚያ ተነሥቶ ዓለምን አዳረሰ። ለመግባት ክፍያ የለውም፤ የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። ስም አይወጣም፤ አንዱ የደረሰበትን ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ አሥር ሺህ ተኩል የሚሆኑ ሰዎች የተካተቱባቸው 27 ጥናቶች ተመርምረው ነበር። ከመጠጥ ፈጽሞ በመራቅ ረገድ ይህ መንገድ ከሌሎቹ ሕክምናዎች እንደማያንስ፣ አንዳንዴም እንደሚበልጥ ታይቷል።

ይህን ስብሰባ ፍለጋ ከመንዝ በየሳምንቱ አዲስ አበባ መመላለስ አይቻልም። ግን ለመጀመር ሁለት ሰው በቂ መሆኑን አይተናል። ተራ ገብቶ መሰብሰብ፣ የቀረውን ጠይቆ መፈለግ ደግሞ ለኛ አዲስ አይደለም፤ ሰንበቴውም ማኅበሩም ይህንኑ አስተምሮናል። የጎደለን ጠላና አረቄ የማይቀርብበት አንድ ማኅበር ነው። ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን፦

1ኛ. ዕድራችን በሳምንት አንድ ማታ ለአንድ ሰዓት ቤት ይፍቀድ። ፈተናው የሚበዛው በገበያ ቀን ነውና ቀኑ ያው ቢሆን ይመረጣል።

2ኛ. እዚያ የተነገረ እዚያው ይቅር። ስም አይመዘገብ፤ ለዕድሩ ዳኛም ቢሆን ሪፖርት አይቅረብ። ወሬው አንድ ጊዜ ከወጣ ሁለተኛ የሚመጣ የለም።

3ኛ. ሴቶች የራሳቸው ሰዓት ይኑራቸው። የምትጠጣ ሴት ከወንዱ የበለጠ ትደብቃለች፤ የጠጪ ሚስትና እናትም የሚሰማቸው ይሻሉ።

4ኛ. ከጤና ጣቢያ አንድ ባለሙያ በወር አንዴ ይገኝ።

የቀረነው ነዋሪዎችም ድርሻ አለን። አልጠጣም ያለውን አንለምነው፤ ሻይ ወይም በሶ እናቅርብለት። «ለብርድ ነው» የምንለውም ልክ አይደለም። አረቄ ቆዳን ያሞቅ ይመስላል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ወደ ውጭ ነው የሚያወጣው፤ ለመንዝ ብርድ ባናና በርኖስ ይሻላል። አረቄ አውጥተው ልጅ የሚያሳድጉ እናቶቻችንን አንወቅስም፤ እንጀራቸው ነውና። የምንለምናቸው አንድ ነገር ነው፦ «አቁሜአለሁ» ያላችሁን ሰው በዱቤ እንኳ አትቅዱለት።

አንድ ቀን ተሳስቶ የቀመሰም አለቀለት አይባል፤ ብዙዎች የዳኑት ደጋግመው ሞክረው ነው። በማግስቱ የሚመለስበት በር ክፍት ይቆየው። ዕድሩ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ይህን ሐሳብ ለውይይት እንዲያቀርብልን እንጠይቃለን። ከዕድሩ የምንፈልገው አንድ ክፍል፣ አንድ ፋኖስና አፉን የሚጠብቅ ሰው ነው።