ጣውላ በዶላር ሲለካ

የፊዚክስ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው መለኪያው ራሱ የማይለዋወጥ መሆን እንዳለበት ነው። የሚለጠጥና የሚኮማተር ሜትር ይዞ የወጣ ቀያሽ ስለ መሬቱ ስፋት ሊነግረን አይችልም። ወደ ንግድ ሠንጠረዦች ስንሻገር ግን ይህን ሕግ እንዘነጋዋለን። ሁለት አገሮች ከጣውላ ንግድ በየዓመቱ ያገኙት ዶላር በሁለት መስመሮች ተስሎ ሲቀርብልን፣ ሽቅብ የወጣውን «አደገ»፣ ቁልቁል የወረደውን «ወደቀ» ብለን ለመፍረድ እንቸኩላለን።

ጋቦንንና ካሜሩንን እንውሰድ። ሁለቱ ጎረቤታሞች የሚገበያዩት በአንድ ገንዘብ፣ በሴፋ ፍራንክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ 1 ዩሮ በ655.957 ሴፋ ፍራንክ እንዲመነዘር ተወስኗል። እንግዲህ አንድ ሜትር ኩብ ጣውላ በ200,000 ሴፋ ፍራንክ ይሸጣል እንበል። 1 ዩሮ 0.88 ዶላር ገደማ በነበረበት በጃንዋሪ 2002 ይህ ጣውላ 268 ዶላር ያወጣል። ዩሮው 1.58 ዶላር ገደማ በደረሰበት በጁላይ 2008 ደግሞ ያው ጣውላ በዚያው የሴፋ ዋጋ 482 ዶላር ይሆናል። አንድም ተጨማሪ ዛፍ ሳይቆረጥ መስመሩ በ80 በመቶ ገደማ ከፍ አለ ማለት ነው። በዚህ ላይ ዶላሩ ራሱ የመግዛት አቅሙ እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2024 ባሉት ዓመታት ከግማሽ በታች ወርዷል።

ይህን ስሕተት ለማስወገድ በየዓመቱ የአንዱን አገር ገቢ ለሌላው ማካፈል ይበቃል። የምንዛሪውም ሆነ የዋጋ ንረቱ ተጽዕኖ በሁለቱም ላይ እኩል ስለሚያርፍ በክፍፍሉ ይጣፋል። ይሁን እንጂ ክፍፍል የማያጠፋቸው ሌሎች ሁለት ስሕተቶች አሉ።

የመጀመሪያው የመደብ ጉዳይ ነው። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ ግንድ በቁጥር 4403፣ ውፍረቱ ከ6 ሚሊ ሜትር የበለጠ ጣውላ በ4407፣ ከዚያ የሳሳው ደግሞ በ4408 ይመዘገባል። ጋቦን እ.ኤ.አ. በ2010 ያልተሰነጠቀ ግንድ ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለች። ካሜሩን በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ1999 ከፊል ገደብ ጥላ ለተወሰኑ ዝርያዎች በሩን ክፍት ተወች። ስለዚህ 4407ን ብቻ የሚያይ ሰው ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው የተዛወረን እንጨት እንደ አዲስ ምርት ይቆጥራል። በስሱ ተልጦ ለኮምፔንሳቶ የሚውለውን የጋቦን እንጨት ደግሞ ጨርሶ አያየውም። ከአንድ ግንድ ጣውላ ሆኖ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከግማሽ እንደማይበልጥ፣ ቀሪው ሰጋቱራና ቅራፊ እንደሚሆን ስናስብ ደግሞ፣ የጣውላው መጠን የዛፉን መጠን እንደማይነግረን ግልጽ ይሆናል።

ሁለተኛው «ጠንካራ እንጨት» የሚለው ስያሜ ነው። ስሙ የዕፅዋት ምድብን እንጂ ጥንካሬን አይገልጽም። የጋቦን ኦኩሜ በሜትር ኩብ 440 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን፣ የካሜሩን አዞቤ ከ1,000 ኪሎ ግራም በላይ ስለሆነ ውኃ ውስጥ ይሰጥማል። በኔዘርላንድስ የቦይ መዝጊያዎች ላይ የሚሠራበትም በዚህ ጥንካሬው ነው። ከዚያችው ከካሜሩን የሚላከው አዩስ ግን ከኦኩሜም የቀለለ ነው። እነዚህን ሁሉ በአንድ ድምር ማስፈር ጥጥንና ብረትን በአንድ ከረጢት ቆጥሮ እንደማስረከብ ነው።

ጉዳዩ የሂሳብ ጨዋታ አይደለም። ደን ያላቸው ሌሎች አገሮች ግንድ መላክን ይከልክሉ ወይስ አይከልክሉ ብለው ሲመክሩ የሚመለከቱት የጋቦንን መስመር ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ማንኛውም እንዲህ ያለ ንጽጽር ሦስት ነገሮችን ጎን ለጎን ሊያሳይ ይገባዋል፤ በየዝርያው የተላከውን ሜትር ኩብ፣ ለዚያ የተቆረጠውን ግንድ መጠንና በአንድ ዓመት ዋጋ የተሰላውን ገቢ። በተሳሳተ መስመር ላይ ተመሥርቶ የወጣ ደንብ በአንድ ቀን ሊሻር ይችላል፤ በደንቡ የወደቀው ዛፍ ግን ተመልሶ ለመጋዝ እስኪደርስ ብዙ ዐሥርት ዓመታት ይፈልጋል።